ጃንጥላው የወደቀበት ማሳ

ቆቦ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለካሳው፤

የአስመራ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ በጤና አለን፤ እምዬም ስምህን ሳታነሳ አትውልም። «ሮኬቱ በረረ ወይ?» እያልህ ደጋግመህ ስለጠየቅኸኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። በረረ። ምነው ሳይበር በቀረ!

አሜሪካዊው ወዳጅህ የሰጠህን ያን የወረቀት ቱቦ ሥዕሉን እያየሁ ገጣጠምሁት። ክንፎቹን በሙጫ አጣበቅሁ፣ ሲወርድ የሚዘረጋውን ጃንጥላ አጥፌ ከሆዱ ከተትሁ፣ ባሩዱን ከግርጌው ወተፍሁ። እምዬ «ይህን ሰይጣን ከቤቴ አውጪልኝ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሑድ ላስወነጭፈው ሳስብ ግሪሳው ቀደመኝ።

ማሽላው ሊደርስ ሲል ወፉ እንደ ደመና ወረደብን። ማማ ላይ ሆኜ ብጮህ፣ በወንጭፍ ብወረውር፣ አልነሳ አለኝ። ንዴቴን ታውቀዋለህ። ሮጬ ሮኬቱን አመጣሁ፤ ማስወንጨፊያ ዘንጉን ማሳው ዳር ተክዬ ሽቦውን ከባትሪ ድንጋዩ ጋር አገናኘሁት። እሳት ተፍቶ እያፏጨ ወጣ። ወፉ በሙሉ ግር ብሎ ተነሳ! ቀይና ነጩ ጃንጥላ ተዘርግቶ ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ታሂር ማሳ ሲወርድ እልል አልሁ።

ወፉም እዚያው ወረደ።

ካሳው፣ ያገራችንን ደንብ ታውቀዋለህ። ወፍ የሚያስነሳ ሰው አስቀድሞ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ሁለቱም ከየማማቸው ሲጮሁ ወፉ ወደ ጫካው ይነዳል። እኔ አልጠራሁም። ጋሽ ታሂር ከማማቸው ወርደው የአሱርን ሶላት እየሰገዱ ነበር። አይቻቸዋለሁ። «እሳቸው እስኪጨርሱ የኔ ያልቃል» አልሁ በልቤ። ቀና ሲሉ ማሳቸው በወፍ ጠቁሯል። ሄጄ አብሬያቸው ብጮህም አልሆነም፤ ወፉ እስኪመሽ ድረስ እህላቸውን አራገፈው።

አባታችን ካረፉ ወዲህ መሬታችንን በበሬዎቻቸው የሚያርሱልን እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሙሚናና ልጆቹ ከርሞ ምን ይበሉ ይሆን? ከኛ ማሽላ እኩል እንካፈል ልላቸው እፈልጋለሁ፤ «ስለምን?» ቢሉኝስ? ለእምዬም አልነገርኋትም።

በማግስቱ ማማዬ ሥር መጡ። «የሻረግ ልጄ፣ የኔስ አላህ ያለው ሆነ። ያንቺ እንኳ ይትረፍ፤ በይ ውረጂና እረፍ በይ» አሉኝ። ይኸው ይህን ስጽፍልህ የኛን ማሽላ እየጠበቁ ነው።

ጃንጥላህን ማሳቸው ውስጥ ፈልጌ አጥቼው ነበር። ዛሬ ውሃና ቆሎ ሳደርስላቸው አየሁት፤ ከማማዬ ጫፍ ላይ ለወፍ ማስፈራሪያ ሰቅለውታል። ለካ ከማሳቸው ያነሱት እሳቸው ኖረዋል። ቆሎውን ተቀብለው መረቁኝ።

ሌላ ሮኬት አትላክልኝ። የአባታችን አምላክ በሄድህበት ይጠብቅህ። እንደ ጋሽ ታሂር ያለ ጎረቤት አያሳጣህ፤ እንደኔ ካለው ግን ይሰውርህ።

እህትህ የሻረግ