ባለ ሦስት ጓጉንቸሩ እህል ቤትና መምህር ታፈረ

መምህር ታፈረ ወልደማርያም ከአባታቸው ከቄስ ወልደማርያም ቢሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደምሌ፣ በጋይንት አውራጃ ግራር አፋፍ በተባለው መንደር በ1909 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያው በጋይንት በምትገኘው በቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ በ1938 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐረገ ወይንን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በንፋስ መውጫም ለሃያ ዓመት አስተምረዋል።

በ1957 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የአገሩ መንግሥት እንዴት እንደተመሠረተ የሚተርክ መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። መዝገበ ቃላት ይዘው ሁለት ዓመት አነበቡት። ሰው በተፈጥሮው ለራሱ እንደሚያደላ፣ ነፃነት ባለበትም ወገን መለየት እንደማይቀር፣ መፍትሔው አንዱ ወገን ሌላውን እንዲጠብቅ ማድረግ እንደሆነ ተረዱ። ይህንኑ በመንደራቸው ሰንበቴ ላይ ቢያስረዱ፣ የሰንበቴው አባል አቶ ንጉሴ “ፈረንጆቹ ይቺን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ የደከሙት? እኛን አንድ እሑድ ቢያዩን ይበቃቸው ነበር” አሉ።

በዚያው በ1959 ዓ.ም. ለክፉ ቀን በተሠራው የሰንበቴው እህል ቤት ቁልፍ ምክንያት ላይ መንደርና ታች መንደር ተጣሉ። መምህር ታፈረ ሦስት ጓጉንቸር አስገዙ። አንዱን ቁልፍ ለላይ መንደሩ ለአቶ ንጉሴ፣ አንዱን ለታች መንደሩ ለአማቻቸው ለአቶ አስማረ ሰጥተው፣ ሦስተኛውን ከሁለቱም ወገን ያልሆኑት እርሳቸው ያዙ። ባለ ቁልፉ በገዛ እጁ ካልከፈተ በቀር በሩን የነካ ሁሉ የተገዘተ ይሁን ብለውም ካህናቱን አስገዘቱ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአይጥ በቀር የሰረቀ አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. ዝናብ ጠፋ። በገና ዕለት አቶ አስማረ በሰው ፊት “መምህር፣ እርስዎስ ብቻዎን አንድ ወገን አይደሉም እንዴ?” አሏቸው። መምህር ታፈረ ተቀየሙ። በየካቲት ሁለቱ ጓጉንቸሮች ተከፈቱ፤ እርሳቸው ግን አስማረ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ካልጠየቀኝ አልመጣም ብለው ቀሩ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከ። በሩን እንዳይሰብሩት ግዝት አለ። አራት ቤተሰብ ተሰደደ። ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ መበለት ከደብረ ዘይት ሳምንት አላለፉም። መምህር ታፈረ የሄዱት ከቀብራቸው መልስ ነው፤ በሩ ሲከፈት ገብሱን ነቀዝ በልቶታል።

ከዚያ ወዲህ ስለ መንግሥት ሲናገሩ የሰማ የለም። በሕመማቸው ወራት ለባለቤታቸው “መጽሐፉ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ነበር” ብለዋል። ቁልፋቸው ለወይዘሮ ይታይሽ ልጅ ለሙሉነሽ እንዲሰጥ፣ ግዝቱም እንዲፈታ ተናዝዘው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ካህናቱ ግዝቱን ዛሬ ጠዋት ፈትተዋል። አቶ ንጉሴና አቶ አስማረ ቁልፋቸውን ይዘው እዚሁ ቆመዋል፤ ሙሉነሽም መጥታለች። ከቀብሩ በኋላ በዘንድሮው መኸር አዲስ እህል የገባበት እህል ቤት ይከፈታልና፣ ያልያዘ ሰው ስልቻ ይዞ ይምጣ።

ዘግይቶ የመጣን ጸጸት የማይንቅ አምላክ፣ በሩን ሳይዘጋ ይቀበልልን። አሜን።