ከቀብር ቀርተዋል ስለተባልኩበት ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ተረፈ፣
ለእድራችን ሊቀመንበር፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ዝናቡ ሲበረታ የሚነሳብዎ ወገብ ዘንድሮ እንዴት ያዘዎት? ስልክዎስ ደህና ነው? ባትሪው እስከ ማታ ይቆይልዎታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ስልኬም እንዳስተማሩኝ ቻርጅ ላይ አድሮ ጠዋት መቶ ይላል። ከሁለታችን ሞልቶ የሚነሳው እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ በእድሩ ሰሌዳ ላይ መለጠፌና ፎቶውን አንስቼ በግሩፓችን መላኬ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ባለፈው ሳምንት በስልኬ የደረሰኝ መልእክት፣ «ወ/ሮ ማናልሞሽ አስረስ በእህታችን በወ/ሮ በየነች ቀብር ላይ ያለ በቂ ምክንያት ስላልተገኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመክረዋል» ይላል። ተመክሬአለሁ፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እኔንም በየነችንም የማያውቁ አዳዲስ አባላት ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ በሚዛን ተፈሪ ገበያ ኮረሪማና ቅመም ቸርቻሪ ነኝ። በየነች ከጎኔ ማር ትሸጥ ነበር። ልጆቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ በአንድ ሸራ ሥር ተቀምጠን፣ ዝናብ ሲመጣ የእኔን ኮረሪማ በእሷ ጀሪካኖች መሀል እየሸጎጥን የኖርን ሰዎች ነን። ያረፈችውም እኔ ክንድ ላይ ነው። ከቀብሯ ቀርቻለሁ የተባልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ። ቅሬታዎቼን እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ በቁጥር አደርጋቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዜናው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዓለምን አዲስ ዕቃ ሁሉ በእኛ ፈንታ እየተከታተሉ በየማለዳው በእድሩ ግሩፕ ስለሚያሳውቁን ውለታዎን የምንመልስበት አቅም የለንም። እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ ትዳር የያዝኩ ሴት፣ ዛሬ በእርስዎ ትጋት እንደ መሀረብ የሚታጠፍ ስልክ መውጣቱን፣ የልብ ትርታ የሚቆጥር ሰዓት በግማሽ ዋጋ መውረዱን፣ ገመድ የሌለው የጆሮ ማዳመጫ ውኃ እንደማይገባው፣ ብቻውን ቤት የሚጠርግ ክብ ማሽን መኖሩንም አውቃለሁ። የእኔን የአፈር ወለል ቢያይ ማሽኑ ምን እንደሚል እንጃ። «ዛሬ ብቻ!» ይላሉ፤ «ጥቂት ፍሬ ቀረ!» ይላሉ፤ «ሳያመልጥዎ ከሥር ይጫኑ!» ይላሉ። በመጀመሪያው ሰሞን እደነግጥ ነበር፤ በየነችም የማር መቅጃዋን ይዛ ዘወር ትልና «ደግሞ ዛሬ ምን አመለጠን በይኝ?» እያለች ታስቀኝ ነበር። እየቆየ ድንጋጤው ለቀቀኝ። አሁን ስልኬ ቲን ሲል አየዋለሁ፣ እጫነዋለሁ፣ ወደ መቀነቴ እመልሰዋለሁ። ደስም አይለኝ፣ አይከፋኝም። ይህም ከሥልጣኔ የሚቆጠር ከሆነ ሠልጥኛለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጡሩምባው። ጋሽ አለሙ ሰው ባረፈ ቁጥር ጡሩምባቸውን አንግበው፣ ከገበያው በላይ ካለው ዳገት ጀምረው በዚያ በቀይ ጭቃ እየተንሸራተቱ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በየሰፈሩ ሲለፍፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው እንኳን ሥራውን ጉርሻውንም ከአፉ ይመልሳል። እርስዎ ግን በጠቅላላ ስብሰባው ላይ በዚህ ዘመን በጡሩምባ መጠራት እንደሚያሳፍር፣ መርዶ ከእንግዲህ በግሩፑ እንደሚነገር አስረዱን፤ እኛም አጨበጨብን። ጋሽ አለሙንም በክብር አሰናበቷቸው። የስንብት ስጦታቸው በቅናሽ የተገኘ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጡሩምባ ሲነፉ ኖረው ጆሯቸው ለደከመ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጣል? እስካሁን በየትኛው ጫፍ እንደሚነፋ እየጠየቁን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ አውራ ጣቱ። ድሮ ቀብር ላይ ስም ይጠራ ነበር፤ «አቤት» ያለ ተገኝቷል፣ ዝም ያለ ቀርቷል። እርስዎ ይህን ድካም አስቀሩልን። ግሩፑ ላይ መልእክት ሲወጣ ያቺን ቀጥ ብላ የምትቆም አውራ ጣት የተጫነ እንደተገኘ፣ ያልተጫነ እንደቀረ እንዲቆጠር ደነገጉ። መጀመሪያ ለስብሰባ ነበር፤ ቀጥሎ ለጽዳት ዘመቻ ሆነ፤ ለቀብርም ሆነ። ስልኩ ራሱ ስለሚቆጥር ጸሐፊያችንም አረፉ። ሕዝቡም ለመዳ። ለታጣፊው ስልክ ይጫናል፣ ለሰዓቱ ይጫናል፣ ለማሽኑ ይጫናል። ጣት እንደሁ አይደክምም።

አራተኛ፤ ስለዚያች ማክሰኞ። በየነች ጠዋት ቤቷ ውስጥ አረፈች። ልጇ ምሕረት ቴፒ፣ ቡና እርሻ ላይ ነው የምትሠራው፤ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ስለነበር ቶሎ እንደማትደርስ አውቄአለሁ። ለእርስዎ ደወልኩ፤ ወዲያው አነሱ፤ ድምፅዎም ደንግጦ ነበር፤ ይህን አልክድም። «እኔ አሁኑኑ ለሁሉም አደርሳለሁ፤ አንቺ ብቻ ከአጠገቧ እንዳትነሺ» አሉኝ። አልተነሳሁም። ውኃ አሙቄ ገላዋን ማጠብ ጀመርኩ። ስልኬ መደቡ ላይ ነበር፤ ቲን አለ፤ አንገቴን ዘንበል አድርጌ አየሁት። ከላይ ፓወር ባንክ፣ ከመሀል የበየነች መርዶ፣ ከሥር የድምፅ ማጉያ ቅናሽ። ከመርዶው ግርጌ አውራ ጣቶች መቆም ጀመሩ። እኔ እጄ እርጥብ ስለነበር አልተጫንኩም። ጣቶቹ ሲበዙ ሰው እየመጣ ነው ብዬ ደጁን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ አግዳሚውንም በጨርቅ ወለወልኩት። የገባው ዝናብ ነው። እንደገና አየሁ፤ ጣቶቹ ጨምረዋል። እንደገና ደጁን አየሁ።

በዚያ ሰዓት ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። ቁጭ ብዬ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ በሩን ሳይ ቆየሁ። እስካሁንም አላለቀስኩም። እንባዬ የት እንደሄደ የሚጠቁም መተግበሪያ ከወጣ እባክዎ አያስቀሩብኝ።

የመጡት የጎረቤት ሴቶችና ከአልጋ መነሳት የሌለባቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሳጥን የሚሸከም ትከሻ ጠፋ። በመጨረሻ የእድራችን አባል ያልሆነው፣ ሃይማኖቱም ከእኛ የተለየው፣ ደጇ ላይ ባጃጁን አቁሞ ዝናቡን ያሳልፍ የነበረው ሱሀይብ ወደ ውስጥ አየና «እትዬ ማናሌ፣ ወንዶቹስ?» አለኝ። ስልኬን አሳየሁት። ትንሽ አየውና መለሰልኝ። ወደ ባጃጁ ሄዶ ክላክሱን እጁን ሳያነሳ ተጫነው። ያ ድምፅ መንገዱን ሁሉ ሞላው። ጓደኞቹ የተጋጨ ሰው ያለ መስሏቸው ከየፌርማታው እየበረሩ መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በየነችን ተሸከሟት፤ እኔም ከአጠገቧ ሳልለይ እስከ መቃብሩ ተከተልኩ። እርስዎ በዚያ ሰዓት ቤትዎ እንደነበሩ ኋላ ሰማሁ። ለእድሩ የሚሆን ማይክሮፎን በዚያች ሰዓት ብቻ በቅናሽ ይለቀቅ ስለነበር፣ ዓይንዎን ስልክዎ ላይ ተክለው ይጠብቁ ነበር አሉ። ለእኛው ብለው ነው፤ እግዜር ይስጥልን። አመሻሹ ላይ ደግሞ «አባሎቻችን ከሞላ ጎደል በሙሉ በመገኘት እህታችንን በክብር ሸኝተናል» ብለው ጻፉ። ለእሱም ጣት ዘነበለት።

አምስተኛ፤ ስለ ድንኳኑ። አሮጌው ሸራ ድንኳናችን ዘመኑን ጨርሷል ተብሎ ከተወገደ በኋላ በኦንላይን ያዘዙልን አዲሱ ድንኳን፣ ፎቶው ላይ አረንጓዴ ሣር መሀል ብቻውን ሲታይ ቤተ መንግሥት ይመስል ነበር። በአውቶቡስ ሲመጣ በከረጢት ነው፤ ከረጢቱም ከጃንጥላ አይበልጥም። በር አለው፣ ዚፕ አለው፣ የትንኝ መረብ አለው፤ ሰው ግን አይችልም። ሁለት ሴቶች ገብተው ሦስተኛዋ እግሯን ውጭ ዘርግታ ነው ለቅሶ የተቀመጥነው። ቄሱ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አይተው፣ «እኔ ከውጭ ልጸልይ» አሉ። ቀለሙ ግን እጅግ ያምራል።

ስድስተኛ ብዬ የጀመርኩት ቅሬታ አይደለም፤ ማስታወስ ብቻ ነው። ጋሼ ተረፈ፣ ባለቤትዎ እትዬ የዓለምዘርፍ ያረፉ ዕለት እንዲሁ ይዘንብ ነበር። ጋሽ አለሙ ያን ጡሩምባ ይዘው ዳገቱን ሲወርዱ ገበያው በአንድ እግሩ ተነሣ። በየነች ማሯን ሳትከድን ነው የሮጠችው፤ ንብ እንደወረረው ኋላ ነው ያየነው። ሦስቱንም ቀን የእድሩን ትልልቅ ብረት ድስቶች ይዛ ከእርስዎ ጓዳ ጭስ አልወጣችም። ዓይኗ ቀልቶ ስንስቅባት፣ «ዝም በሉ፣ ሰውዬው ቤቱ ባዶ እንዳይመስለው ነው» ትለን ነበር። ቤትዎ ባዶ አልመሰለዎትም። እርስዎ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ መግቢያ ሲጠፋ ያዩ ሰው ነዎት፤ ስለዚህ ምን እንደምጠይቅዎ ይገባዎታል።

ምሕረት በማግስቱ ደረሰች። ያን ባለ ዚፕ ድንኳን አየች፤ አግዳሚውን አየች፤ እኔን አየች። «እትዬ ማናሌ፣ እናቴ ሰው አልነበራትም እንዴ?» አለችኝ። ይህን የምታህል ከተማ ውስጥ ማር ያልሸጠችለት፣ ወጥ ያልሠራችለት ቤት የሌለ ሴት፣ ልጇ ሰው እንዳልነበራት ይዛ ወደ ቴፒ ተመለሰች። ስልኬን አውጥቼ ጣቶቹን ላሳያት አሰብኩ። ከመቀነቴ ሳላወጣው ቀረሁ።

የበየነች አርባ በሚመጣው እሑድ ነው፤ ምሕረትም ትመጣለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ልጅ እናቷ ሰው እንደነበራት ትይልኝ። የተጻፈብኝን ምክር እንዲሰርዙልኝ አልጠይቅም፤ ይቀመጥ። የቅናሹን ዜናም ይቀጥሉበት፤ እርስዎን ብቸኝነት እንዳይበላዎ የሚያውልዎ እሱ ከሆነ እኛ ችለነዋል፣ እንችለዋለን። መርዶና ተዝካር ግን ከፓወር ባንክ ጋር ተሰልፈው እንዳይመጡ። ጋሽ አለሙን ሄጄ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ጡሩምባው ከአልጋቸው ሥር ነው፤ አውጥተው አቧራውን አራግፈዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ከዳገቱ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ደጅ የእርስዎ እንዲሆን የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። ሲሰሙት ስልክዎን አስቀምጠው ጫማዎን ቢፈልጉ፣ ያ ለእኔ መልስ ይሆነኛል። ሱሀይብና ጓደኞቹም ተጠርተዋል፤ እባክዎ ከፊት ያስቀምጡልኝ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የማይቆራረጥ ኔትወርክና የማይነሳብዎ ወገብ እየተመኘሁልዎ፣ ያለ ምንም ቅናሽ በሙሉ አክብሮት፣

«እንዳትነሺ» ስላሏት ከሟች አጠገብ ሳትነሳ ከቀብር የቀረችው እድርተኛዎ፣
ማናልሞሽ አስረስ፣ ኮረሪማ ሻጯ፣
ሚዛን ተፈሪ

ማስታወሻ፤ የበየነች ስልክ ምሕረት እስክትወስደው እኔ ዘንድ ተቀምጧል። እኔን የመከሩ ዕለት ለእሷም ደርሷታል። ወ/ሮ በየነች በወ/ሮ በየነች ቀብር ላይ ያለ በቂ ምክንያት ስላልተገኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመክረዋል ይላል። ከእድሩ ያልተጫንነው እሷና እኔ ብቻ ነን ማለት ነው። እስካሁን መልስ አልሰጠችም። ምክንያቷን በአካል ሊጠይቋት ከፈለጉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዋርካው ዝቅ ብሎ፣ ሣር ገና ያልበቀለበት ቀይ አፈር ነው። ይህን የምነግርዎ ቦታውን አያውቁትም ብዬ ነው። ባጃጅ እስከ በሩ ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።