የበቀለች የወረቀት መርከብ

ሎዛ፣

የባምባሲ መኪና ሊያመልጠኝ ነው፤ እሁድ እመለሳለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ።

የበቀለችን መርከብ እንዳትነኪው። ምስጥ እንዳይወጣበት የጠረጴዛውን እግሮች ነጭ ጋዝ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሜያለሁ፤ ሲጎድል ጨምሪበት።

ነፍሷን ይማርና፣ ክልል ስንሆን የመንግሥት ቢሮው የጣለውን የድሮ ወረቀት በቀጭኑ እየቆረጠች፣ በስንደዶ እየጠቀለለች ነበር የምትሠራው። ሳትጨርሰው ሞተች። ከቀብሯ በኋላ የመርከቡ ሸራ በጥቅል እየሞላ ሲሄድ የምትሠሪው አንቺ መስለሽኝ ያን ሁሉ ተናገርኩሽ። አንቺ ሸርቆሌ በሰነበትሽበት ጊዜም ግን፣ ጠዋት ስነሳ አዲስ ጥቅል ተለጥፎ፣ ሙጫው ሳይደርቅ አገኘው ነበር።

እሱን ስመለስ እናወራለን።

አሁን የቀረው ባንዲራው ብቻ ነው። የሚሠራበትን ቀይ ወረቀት ስትፈልጊ እንዳትደክሚ፤ ይዤው ሄጃለሁ።

ከጨረሰች አትመጣም።

ቀነኒ