ዘፋኝ የሌለበት አልበም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ከደምበጫ ወደ ማርቆስ ስመለስ፣ ሰኞ የሚወጣውን አዲሱን አልበሜን በፍላሽ ለሚኒባሱ ሹፌር ሰጠሁት። የእኔ መሆኑን አልነገርኩትም። ሃያ ዓመት ከዘፋኞች ጀርባ ቆሜ ሳክስፎን ስነፋ ኖሬ፣ ዘፋኝ የሌለበት ሥራ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው የማን እንደሆነ ሳያውቅ ምን እንደሚል መስማት ፈልጌ ነበር።

የመጀመሪያው ሙዚቃ ፋንክ የሚባለው የጭፈራ ስልት ነው፤ ያስጨፍራል ብዬ ነበር ከፊት ያስቀመጥኩት። የተሳፋሪው ወሬ ግን ቀስ በቀስ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ሹፌሩን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ምነው?»

«ክላሲካል ብቻ ሲሆንብኝ ደንግጬ ነዋ። ሬዲዮው እንዲህ የሚለቀው ትልቅ ሰው ሲሞት አይደል?»

ሹፌሩ እየሳቀ ፍላሹን ነቅሎ መለሰልኝና አንድ የቆየ የሠርግ ዘፈን ከፈተ። እኚያ እናት ነጠላቸውን መለሱና ማጨብጨብ ጀመሩ። መሐል ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ሳክስፎኑ ብቻውን ሲገባም አላቋረጡም። እሱንም የነፋሁት እኔ ነበርኩ። አልነገርኳቸውም፤ አብሬያቸው አጨበጨብኩ።