ሦስቱ የፈረስ ጫማ ሚስማሮች

ለውድ እኅቴ ለዶሮታ፣

እታለም፣ ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ ራፋው እንዴት ነው? ወገቡ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ከመርከቡ ዓሣ ባወረደ ቁጥር ይነሣበታል? የልጅሽ የኢጋ የፊት ጥርስ በቀለ? የኖርዌይ ዝናብስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደኅና ነን። እናታችን ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። አያታችን አባባ ሉድዊክ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዛሬም ከሁላችን ቀድመው ይነሣሉ። እኔም ናፍቆትሽ ካልሆነ በቀር ምንም አልሆንኩ።

ባለፈው ስትደውይ እናታችን «አባባ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሴቬሪን ይጽፍልሻል» ብላ አልቅሳ እንደዘጋችብሽ ነግረሽኛል። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። መነሻው ደግሞ የእኔ ጫማ ስለሆነ መጻፉ ለእኔ ይገባል።

አባባ በረዶ በጣለ ቁጥር ማንም ሳይወጣ መጥረጊያ ይዘው የራሳቸውን ዱካ እየጠረጉ የሚሄዱት ትዝ ይልሻል? «አባባ ከማን ተደብቀው ነው?» እያልን እንስቅባቸው ነበር። 

ከተመረቅሁ ወዲህ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቅቶኝ የጦርነት ትርኢት ማኅበራችን ውስጥ መግባቴን ታውቂያለሽ። በ1939 እ.ኤ.አ. መስከረም እዚሁ ብዙራ ወንዝ ዳር ከወራሪው ጋር የሆነውን ውጊያ በየዓመቱ ሜዳው ላይ እንደገና የምናሳየው እኛ ነን፤ ዘንድሮ ሰማንያኛው ዓመት ነበር። አለቃችን ሌሼክ በአዘቦቱ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የደንብ ልብሱን ሲለብስ ግን ሻምበል ይሆናል። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ከጉልበትህ በላይ ወታደር ነህ፣ ከጉልበትህ በታች ቱሪስት» አለኝ። የዘመኑን የሚመስል ከስክስ ካላመጣሁ ሰልፍ ውስጥ እንደማልገባም ቁርጡን ነገረኝ።

ሦስት ጫማ አየሁ። አንደኛው በኢንተርኔት የሚሸጥ ነው፤ በፎቶ ያምራል፣ እጅ ሲገባ ግን ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ፣ ሚስማሩ ለታይታ የተሰካ ነው። ሁለተኛው የኋለኛው ዘመን ሠራዊት ትርፍ ነበር፤ ጠንካራ ቢሆንም የጎማ ሶሉ ከሩቅ ያሳብቃል። ሦስተኛው ከተማ ያሉት ጫማ ሠሪ የአቶ ዘኖን የእጅ ሥራ ነው። መምረጥ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ቆዳውን አጥፈው ለቀቁት፤ ታጥፎ የማይመለስ ቆዳ ወረቀት ነው አሉ። ሶሉ በሰም በታሸ ክር መሰፋቱን አሳዩኝ። እጄን ውስጡ አስገብተው የሚስማር ጫፍ እንዳለ በጣቴ እንድዳስስ አደረጉኝ። ከዚያ «ጫማና አማች በደረቅ ቀን አይመረጡም» ብለው ባልዲ ውስጥ ነከሩትና፣ እርጥቡን አድርጌው ቤቴ ድረስ እንድሄድ አዘዙኝ፤ እግሬ ላይ እየደረቀ እግሬን እንዲለምድ።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር፤ ግቢው ጭቃ። ከአጥሩ እስከ ኩሽናው በር ስሄድ ሚስማሮቹ አንድ በአንድ የሚቆጠር ዱካ ጣሉ፤ እኔማ ኮርቼ ፎቶ አነሣሁት። ቆይቼ ብወጣ አባባ መጥረጊያ ይዘው ጭቃውን ይጠርጋሉ። ጭቃ ይጠረጋል እንዴ፣ እታለም? ያሹታል፣ እሱ ይብስ ይሰፋል። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። እናታችን «ያንን የሙት ጫማ ከቤቴ አውጣልኝ» ብላ ጮኸችብኝ፤ እንዲያው በንዴቷ ነው እንጂ ምንም አታውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባባ ጠሩኝ። ጫማውን ጭናቸው ላይ ገለበጡት፤ ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው ነው ያነበቡት። «ጎበዝ ነው የሠራው። የቀኙ ጫፍ ግን እንዲህ አልነበረም። እዚህ ጋ ሦስት የፈረስ ጫማ ሚስማር ነበረ» አሉኝ። ዕድሜ ነው ብዬ የማኅበሩን ሥዕል ላመጣ ስነሣ ክንዴን ያዙኝ።

«ሥዕሉን ተወው፣ ልጄ። እኔ ሁለት የብርድ ወራት እግሬ ላይ አድርጌዋለሁ።»

ውጊያው ባለፈ በሳምንቱ ነው፤ አባባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር የጠፋች ላም ፍለጋ ወንዝ ወረዱ። ላሚቱን አላገኙም። ወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር አንድ ወታደር በደረቱ ተኝቶ አገኙ፤ የገዛ ወገናችን። እናትየው በሽርጧ ፊቱን ሸፈነችለት። ቀጥሎ ጫማውን አየች። የልጇ ጫማ ሶሉ አልቆ ነበር፣ ብርዱም ደርሷል። እሷ እግሩን ስትይዝ ማሰሪያውን የፈቱት አባባ ናቸው፤ ቋጠሮው በእርጥበት ጠንክሮ ስለነበር በጥርሳቸው። ጣዕሙ እስከ ዛሬ ከአፋቸው እንዳልጠፋ ነገሩኝ። እናትየው «እሱን ከእንግዲህ አይበርደውም» አለች። ጉድጓድ ቆፍረው እዚያው፣ ከሦስተኛው ዛፍ ሥር ቀበሩት።

ጫማው ውስጥ ድርቆሽ ጠቅጥቀው ትምህርት ቤት ሄዱ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን መንገድ ላይ ዞር ቢሉ አንድ ወታደር ከኋላቸው ተከትሏቸዋል። ሰውየው የለም፤ ዱካው ብቻ። ሲሄዱ ይሄዳል፣ ሲቆሙ ይቆማል። ጫማው አልቆ ከተጣለ በኋላም ከኋላቸው አልቀረም። መጥረጊያው የተጀመረው ያኔ ነው።

የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ የወደቁትን ሰብስበው መቃብር የሚያስገቡ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። የአባባ እናት «እኛ ጋ የለም» ብላ መለሰች። ከወጣ ባዶ እግሩን ይወጣል፤ ልጇ ምን አድርጎ ትምህርት ቤት እንደሄደ ደግሞ መንደሩ በሙሉ አይቷል። እናም ሰውየው እዚያው ቀረ። የሆነ ቦታ እናት ነበረችው፤ በሩን እያየች ያረጀች። አባባ ይህን ይዘው ነው ሚስት ያገቡት፣ እናታችንን ያሳደጉት፣ እኛን ትከሻቸው ላይ ያዞሩን። «ሳልሞት ላውጣው። ጫማውንም ልመልስለት» አሉኝ።

ለሚመለከታቸው ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ደጅ ጠናሁ፤ ሥራ ፈት ምሩቅ ለዚህ ይጠቅማል። በሰኔ ቆፋሪዎቹ መጡ። መንደርተኛው አንድም ሳይቀር ወጣ። ከሦስተኛው ዛፍ ጉቶ ሥር ትንሽ እንደተቆፈረ ተገኘ፤ አዝራር፣ ማንኪያ፣ ዝገት ፊደሉን የበላው የስም ሰሌዳ። የምትቆፍረዋ ሴት እግሩ ጋ ብዙ ቆየችና ለጓደኛዋ በቀስታ፣ ጫማ የለውም፣ ይገርማል አለቻት። አባባን ማንም አልጠየቃቸውም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ያን ያህል ድምፅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር።  ቆይቶ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጌኖቬፋ፣ ያቺ በዶሮዎቿ ከአባባ ጋር አርባ ዓመት የተጣላችው፣ ከከዘራዋ ቀና ሳትል «ካፖርቱ እኛ ቤት ነበር፣ ሉድዊክ። ከእናንተ በፊት አባቴ አግኝቶት ነበር» አለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። እስከ ማታ ሌላ ሰውም ቀበቶውን ይናገር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም አልተናገረም።

አቶ ዘኖን ከቀኙ ጫፍ ሦስት ሚስማር ነቅለው የፈረስ ጫማ ሚስማር መቱበት። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። በመስከረም፣ ከትርኢቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቀበርነው። ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ጫማውን ያስገቡት አባባ ናቸው። ማሰሪያውን ግን አልቋጠሩትም።

ሌሼክ ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ከስክስ የሌለው አይሰለፍም። ፊቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙት ሁን እንግዲህ። ሙት አይፈተሽም» አለኝ። ስለዚህ ስንት ወር የተዘጋጀሁበትን ቀን ከዛፎቹ ሥር በባዶ እግሬ፣ በደረቴ ተኝቼ አሳለፍኩት። ሣሩ ይቀዘቅዝ ነበር። ተኩሱ በላዬ አለፈ፣ ሰው አጨበጨበ። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ እታለም፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ ሰው ማሰሪያ ሲፈታ ተሰማኝ። ጫማ አላደረግሁም። ቀና ብዬም አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ቢቀንስም ተስፋዬ አልቀነሰም። የከተማው ሙዚየም በሚቀጥለው ሳምንት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። የሰውየውንም ስም እየፈለግሁ ነው። በፈረስ ጫማ ሚስማር የራሱን ጫማ የጠገነ ሰው ወይ ባለ ፈረስ ነው ወይ ቀጥቃጭ፤ ለየመዝገብ ቤቱ እየጻፍኩ ነው። ስሙን ሳላገኝለት አላርፍም።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። የመጥረጊያውን ድምፅ ስጠብቅ ጭር አለብኝና ወጣሁ። አባባ አጥሩ ጋ ቆመው ወደ ኋላ ያያሉ። ከበሩ እስከሳቸው ድረስ አንድ ዱካ ብቻ፤ የቤት ጫማቸውና የከዘራቸው ነጥብ። «ዛሬ አልመጣም» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው አላወቅሁም። አልገባም ብለው ብዙ ቆሙ፤ የዘገየ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው።

ለገና መምጣትሽን አታስቀሪ፤ በየቀኑ ይጠይቁሻል። ለራፋው ወንድማዊ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ኢጋን አዲሱ ጥርሷ ጋ ሳሚልኝ። እናታችን፣ ሹራቡ አንድ እጅጌ ቀርቶታል፣ የኢጋን ክንድ ለክተሽ ላኪልኝ ትልሻለች። ወይዘሮ ጌኖቬፋ ዛሬ እንቁላል ይዛ መጥታለች፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። አባባም ሰላም ይሉሻል፤ ይህን ስጽፍልሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ ነው። ያቺን አንዲት ዱካ በረዶው ራሱ እየሸፈናት ነው።

ወንድምሽ ሴቬሪን

ኦልሾቬትስ፣ ብዙራ ወንዝ ዳር
ኅዳር 30 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.