ጀልባህ ላይ ወጣሁልህ

ደምሴዬ፣ የኔ ሆድ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እንዴት ነህ አልልህም፤ መቼም ያለህበት ከእኛ ይልቅ ሰላም ነው። እኔም ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ፤ ሶ፣ መሐረብ የሚያስይዝ ደብዳቤ ከጠበቅክ ተሸወድክ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ልጃችን ሊያ ኮሌጅ ጨርሳ እዚሁ አጠገባችን፣ አዲሰን ከተማ አንድ ቢሮ ገብታለች። ፒክአፕህን የምትነዳው እሷ ነች፤ ፓርክ ስታደርግ ግን የሁለት መኪና ቦታ ስለምትይዝ ጎረቤቱ ሁሉ አኩርፎናል። እኔ ያው ግሬፕቫይን ከተማ፣ ሆቴሉ ውስጥ ነኝ፤ አሁን ፍሮንት ዴስክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ አድርገውኛል። ወሬ እወድ የለ? ቦታዬን አገኘሁ።

ዋናው ወሬ ግን የጀልባዋ ነው፤ ማዛትላን ወደብ ቆማ የቀረችው ጀልባህ። ከኤርፖርት ሥራህ እረፍት ባገኘህ ቁጥር ብር ብለህ ሜክሲኮ ትወርድና ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ቱሪስቶች ይዘህ ትወጣባት ነበር። እኔ አብሬህ ስመጣ እንኳን ወደቡ ላይ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር የምጠብቅህ። ዋና አልችል፤ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ ነፍሴ አትቀርልኝም። "ሶፋ ላይ እንደመቀመጥ እኮ ነው፣ ምኑ ያስፈራሻል?" ትለኝ ነበር።

ካንተ በኋላ ያላየኝ ሰው ነው "ሽጫት" ያላለኝ። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ አበራማ በየሳምንቱ ነው የሚደውሉት። ክፋት የለባቸውም፤ ታውቃቸው የለ፣ ሲሳሱልኝ ነው። እኔ እምቢ ብል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩብኝ! ለጀልባ! ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ከማኪኒ ከተማ ድረስ ነድተው መጡ። እኔ ልጄን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ነበር። ሊያ ራሷ ከጓዳ ብቅ ብላ "ማሚ፣ ልጁ ማነው?" ትለኛለች።

አንጋፋው ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ የመጣነው ስለ ጀልባዋ ነው" ሲሉ ሳቄን በጉልበት ነው የዋጥኩት። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በሰው አገር፣ ያውም ባሕር ላይ እያሉ መከሩኝ። እኔም ተናገርኩ። መቼም ከጀመርኩ አላቆምም። ካፒቴኑ ራሞን ታማኝ ነው አልኩ፤ ደንበኞቹ ዛሬም እየደወሉ ነው አልኩ፤ እንግዳ መቀበል ደግሞ እንጀራዬ ነው አልኩ። ጋሽ መኮንን እስክጨርስ ሰሙኝና "ኦኬ ልጄ። ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ወጥተሽባት ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

ደምሴዬ፣ ወደቡ ላይ ጃንጥላ ሥር ቁጭ እንደምል አፌ አወጣው። የእኔ አፍ!

ፍርዱን በዚያው ሰጡ። "ባሕር ላይ ወጥተሽ ተመለሺ። ከዚያ ወዲያ አልሸጥም ብትዪ እኛም አበራም አንናገርሽም። መውጣት ካቃተሽ ግን ትሸጣለች።" እሺ አልኩ። ሽማግሌ አይረገጥማ።

ሶ፣ ባለፈው ሳምንት ሄድኩልህ። ራሞን ከፎርት ዎርዝ የመጡ ባልና ሚስት ሊያወጣ ቀጠሮ ነበረው። ላይፍ ጃኬት ሁለት ደራርቤ ስገባ "ሴኞራ፣ አንዱ እኮ ይበቃል" አለኝ። አላወለቅኩም። ወደቡን ከማዕበል የሚከልለውን የድንጋይ ግንብ አልፈን ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ስታነሳ፣ ራሞን አማተበና ጮክ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" የሜክሲኮ ሰው እኮ ነው!

ከየት አገኘኸው ስለው፣ በእንግሊዝኛም በእጁም ነገረኝ። ከአንተ ነው። መጀመሪያ የወጣህ ቀን የጀልባዋን ብረት ጭምቅ አድርገህ ይዘህ፣ ከወደብ ወጥተህ ወደብ እስክትገባ በስመ አብ ስትል ዋልክ አለኝ። ከዚያም በኋላ በወጣህ ቁጥር፣ እስከ መጨረሻው ጊዜ ድረስ፣ ግንቡ ጋ ስትደርስ ፊትህ አመድ መስሎ እንዲሁ ትል ነበር። ራሞን የባለጀልባ ወግ መስሎት ለመደው። ካንተ በኋላም አልተወውም።

አንተ ውሸታም! ሶፋ ነው አልከኝ?

ስቄ ስቄ ሳልጨርስ አስመለሰኝ፤ ማለቴ፣ ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ደንበኛችን ሴትዮዋ ጀርባዬን እያሻሸችኝ ሳለ የኋላው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጎበጠና ክሩ ይተረተር ጀመር። ራሞን "ዶራዶ! ዶራዶ!" ብሎ ጮኸ፤ የዓሣው ስም ነው። ሴትዮዋ እኔን ጥላኝ ዘንጉን ያዘች። እኔም ሕመሜን ረስቼ "አጥብቂው! አይዞሽ! እንዳትለቂው!" እያልኩ በአማርኛ ጮህኩባት። እሷ ደግሞ ሁሉንም የሰማች ይመስል "የስ፣ የስ!" ትለኛለች። ዓሣው ከውሃው ሲዘል ወርቅ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ልክ እንደ አዲስ ቀሚስ ጥለት አብለጨለጨ። እየፈራህ ለምን ትመላለስ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

እንደወረድን ወደቡ ላይ ቆሜ ለጋሽ አበራ ኮል አደረግኩላቸው። ፈራሽ ወይ አሉኝ። በጣም አልኳቸው። እሳቸውም "እሱስ ይፈራ ነበር?" አሉኝ። ራሞን የነገረኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። "ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር" አሉ ጋሽ አበራ። "ማታ ደጅ ስንወጣ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞ 'አይዞህ አቤ፣ አይዞህ' የሚለኝ እሱ ነበር።" ከዚያ "በይ እግዜር ይጠብቅሽ" ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ሽጫት የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ጀልባዋ አትሸጥም ደምሴዬ። ቡኪንጉን ሊያ በኢንተርኔት ይዛዋለች፤ ሞተሩን ራሞን፣ እንግዳውን እኔ። በሚመጣው ወር ሌሎች ደንበኞች አሉን፤ አብሬያቸው እወጣለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ሰው በፎቶህ ያስታውስህ። እኔ ግን ግንቡ ጋ ስንደርስ፣ ብረቱን አንተ በያዝክበት በኩል ይዤ አስታውስሃለሁ፤ በወጣሁ ቁጥር። ፍርሃቱ እስኪለቀኝ አልጠብቅም። አንተም አልጠበቅክም።

ያንተዋ ጥሩወርቅ