«አልፏል» የምትባል ቃል

ለምኮራብሽም ለማሾፍብሽም የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ምክትል ርዕሰ መምህርት ከሆንሽ ወዲህ ያመመሽ ወንበሩ ነው ወይስ ሹመቱ? እኔ ከጉልበቴና ከአፌ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ አልታዘዝ፣ አፌ አላርፍ ብለውኛል እንጂ።

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፤ አንቺ ትምህርቱም ሥልጣኑም አለሽና ፍቺልኝ። እንደምታውቂው በዚህ የገጠር ትምህርት ቤት ደወል እደውላለሁ፣ ወረቀት አመላልሳለሁ። የርዕሰ መምህሩ ቢሮና የመምህራኑ ክፍል ቢራራቁ አርባ እርምጃ ነው፤ ሰዎቹ ግን በደብዳቤ ካልሆነ አይነጋገሩም። ርዕሰ መምህሩ የሂሳብ መምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አንስቶ መጻሕፍት ቤት አስቀመጣት። ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው «ልጆቼ ይመለሱልኝ» ብላ አመለከተች። እሱም ጥጉ ላይ በቀይ «አልፏል» ብሎ ፈርሞ መለሰላት።

ስታነበው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጊዜው አልፏል አለኝ አይደል? ይሁን» አለችና የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ ሰጠችኝ። እሱን ይዤ አርባዋን እርምጃ መራመድ አቃተኝ። ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ሳሸው ከረምሁ። በሦስተኛው ቀን ሰይጣን ሹክ አለኝ መሰለኝ፣ ያለ ሰዓቱ ደወሉን ደበደብሁት። ሁለቱም እየሮጡ መጥተው ባንድ አፍ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት!» አሉኝ። ዘንድሮ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር እኔ ነኝ።

እሱ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እርስዎስ፣ ጥያቄዎ ካለፈ ለምን ክፍል አይገቡም?» አላት።

«አለፈ ማለት ተፈቀደ ነው እንዴ?» ብትለው፣ «ታዲያ! ፈተና ያለፈ ልጅ ወደቀ ይባላል?» አለ። እሷ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ጠመኔዋን ይዛ ወደ ስምንተኛ ክፍል በረረች። ደብዳቤዋን አጣጥፌ መለስሁላት።

ከሰዓት በኋላ ግን ጠርቶኝ «የደወሉ ጉዳይ አልፏል» አለኝ። ይቅር ተባልሁ ወይስ ጉዳዬ ወደ በላይ አካል አለፈ? ልጠይቀው ስል ስልክ አነሳ። ተመልሼ ልሂድ ብል አርባዋ እርምጃ ለካ ሩቅ ናት! ይኸው እኔም ማመልከቻ ልጽፍለት ወረቀት አዘጋጅቻለሁ።

አንቺም በመምህራንሽ ወረቀት ላይ «አልፏል» ከምትዪ «ፈቅጃለሁ» በዪ፤ ብትቆጥሪው አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚጨምረው።

በቀልዴ ለማይስቀው ባልሽ፣ ጥርሷ ለወለቀው ልጅሽ፣ ከእኔ በላይ ለሚያወሩት አማትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አጎትሽ

ከደወሉ ሥር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ ዘጠነኛ ቀን